ግሪኮች ስለ ተረኩላቸው ሁለት ኢትዮጵያውያት

የጥንት ግሪኮች ስለ ፍቅር የተረኩት ተረት በዘመናችን እንደ አዲስ ተነሥቷል። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ወጣቶች ኦርፌዎስንና ኤውሪዲቄን፥ ሐዴስንና ፔርሴፎኔን እየመረጡ ስለ ጥንዶቹ ይጽፋሉ፤ ይሥላሉ፤ ይከራከራሉ። የኦርፌዎስና የኤውሪዲቄ ታሪክም «ሃደስታውን» ተብሎ በሙዚቃ ቴአትር ከቀረበ በኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቶኒን ሽልማት አግኝቷል። ይኸው ፍቅር በስልክ አማካይነት እስከ ራያ ቆላ ድረስ ደርሷል።

ባለፈው ኅዳር፥ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በዋጃ፥ ከዘመዶቼ ጋራ በማሽላ አውድማ ላይ አመሸሁ። እኅቴ ከልጇ ጋራ እራት ይዘውልን መጥተው ነበር። ተማሪዋ የእኅቴ ልጅ ወደ ሰሜን ሰማይ አመልክታ፥ «አጎቴ፥ ያቺ ካሲዮፔያ አይደለችምን? የኢትዮጵያ ንግሥት ነበረች ይላሉ፤ ታሪኳን ንገረን» አለችኝ። እኔም የማውቀውን ተረክሁ።

ካሲዮፔያ የንጉሥ ቄፌዎስ ሚስት ነበረች። በመልኳ ተመክታ ከባሕር ደናግል እበልጣለሁ ስላለች የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቈጥቶ በአገሩ ላይ የውኃ ሙላትና አውሬ ሰደደ። ጠንቋይም «ልጃችሁ አንድሮሜዳ ለአውሬው ካልተሰጠች አገሩ አይድንም» አለ። እናቲቱ በተናገረችው ልጂቱ ከባሕር ዳር ከዓለት ጋራ ታሰረች። ፔርሴዎስ በዚያ ሲያልፍ አይቶ ወደዳት፤ ነገር ግን አውሬውን ከመግደሉ በፊት፥ ባድናት ትድሩልኛላችሁ ብሎ ከወላጆቿ ጋራ ተዋዋለ። አስቀድሞ ታጭታለት የነበረው አጎቷ ፊኔዎስ በሠርጉ ቀን ጦር ይዞ ቢመጣ ፔርሴዎስ ወደ ድንጋይ ለወጠው።

ልጂቱ ሰምታ ስታበቃ፥ «እርሷንስ ማን ጠየቃት?» አለች። መልስ አጣሁ። እናቷም ዝም አለች። እኅቴ ከ6ኛ ክፍል ወጥታ ስትዳር ፈቃድሽ ነውን ያላት አልነበረም፤ እኔም ወንድሟ በድግሱ ተደስቼ ከበሉት አንዱ ነበርሁ።

ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ መጻሕፍት መመልከት ጀመርሁ። በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፥ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር፥ ይልቁንም መርዌን ማለታቸው መሆኑ ነው፤ አንዳንዶቹም የአንድሮሜዳን ተረት በኢዮጴ ባሕር ዳር ያደርጉታል። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ባስጻፈው ጽሑፍ፥ በግዕዙ ሐበሻ የተባለው በግሪክኛው ኢትዮጵያውያን ተብሏል። ስሙን የወረስነው እንዲህ ባለ መንገድ ስለ ሆነ፥ አንድሮሜዳ የእኛው መንደር ልጅ ናት እያልን መመካት አይገባንም።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛዪቱን ኢትዮጵያዊት አገኘሁ። ኤልዮዶሮስ የተባለው የሶርያ ሰው በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ በጻፈው በ10 ክፍል የተከፈለ ልብ ወለድ ታሪክ፥ የመርዌ ንግሥት ፔርሲና የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ስለ ፀነሰች ነጭ ልጅ ወለደች ይላል። ባሏ እንዳይጠረጥራት ፈርታ ሕፃኒቱን ታሪኳ ከተጻፈበት መቀነት ጋራ ጣለቻት። ካሪክሊያ የተባለችው ይህች ልጅ በግሪክ አገር በዴልፊ አደገች። አሳዳጊዋ ለእኅቱ ልጅ ሊድራት ቢፈልግ እንቢ አለች፤ ቴአጌኔስ የተባለውን ወጣት ወድዳ ከእርሱ ጋራ ወጣች። በሽፍቶችና በጦርነት መካከል አልፈው መርዌ በደረሱ ጊዜ ለመሥዋዕት ቀረቡ፤ ነገር ግን ልጂቱ በመቀነቷና በክንዷ ባለው ጥቁር ምልክት ታወቀች፤ ሰውን መሠዋትም ቀረ፤ ሁለቱም ተጋቡ። በዚያው መጽሐፍ የአክሱም መልእክተኞች ቀጭኔ ይዘው ለመርዌ ንጉሥ እጅ መንሻ ሲያቀርቡ ይታያሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አንዲቱ በሌሎች ቃል ታሰረች፤ በሌሎች ውልም ተዳረች። ሁለተኛዪቱ ግን መርጣ በመረጠችው ጸናች። የዛሬ ወጣቶች ጥንዶችን የሚወዱት፥ እንደሚመስለኝ፥ ይህን መምረጥ ስለሚናፍቁ ነው። ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው፤ የሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድም እንዲገኝ ያዛል። ሕጉ ተጽፏል፤ ጥያቄውን በየቤቱ የምንጠይቅ ግን እኛ ነን።

የሠርግ ወር ጥር ሲደርስ ሽማግሌዎች ወደ እኅቴ ደጅ መጥተው ነበር። ያን ጊዜ እኅቴ ቡና አፍልታ በክብር ካስተናገደች በኋላ፥ «ልጄ ትጠየቅ» አለች። ልጂቱም ትምህርቷን መረጠች።