በማን ቁና?

በጎጃም ደጋ ሁለት ተማሪ ነበር፦ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በዋሸራ ወይም በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የሚቆጥርና ደብረ ማርቆስ ላይ ደብተር የያዘ። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ማስተማር ሲጀምሩ፣ «የተማረ» ማለት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሆኖ ነበር። ከ7ኛ ክፍል ወዲያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነዋ! ብዙው ያልገባውን ሸመደደ።

የቅኔ ተማሪ ግን ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የትናንቱን መድገም የለም፤ በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል፣ መምህሩ ያርሙታል። እርግጥ ቅኔ ቤት ሒሳብና ሳይንስ አላስተማረም። ቢሆንም ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔያቸውን ይዘው ነው አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የገቡት፤ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ።

ታዲያ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ደረጃው ዝቅ ያለ ነው» ከማለታችን በፊት ቁናውን ማን እንደሰፋው እንጠይቅ።