ማስተማርና መመዘን
ስለ ጐልማሶች ትምህርት ዘመቻዎችና ስለ ውጤታቸው ምርመራ

መምህር በሥራው ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛው የሚያውቀውን ለማያውቀው ማካፈል ነው፤ ሁለተኛው ያካፈለው ነገር በተማሪው ልብ ማደሩንና አለማደሩን መርምሮ ማወቅ ነው። የመጀመሪያው ግዴታ ከጥንት ጀምሮ ክብርና ምስጋና ሲያገኝ ኖሯል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የጽሕፈት ቤት ሥራ እየመሰለ፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ለሪፖርት ሲባል ብቻ የሚከናወን ሆኖ ቀርቷል። በዛሬው አነጋገር ክትትልና ግምገማ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ግዴታ ነው። በተለይ ሕዝብን ለማንቃትና ስለ ልማት ለማስተማር በተደረጉት ታላላቅ ሥራዎች ላይ ያስከተለው ጥቅምና ጉዳት በታሪክ ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ምዘና ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደል ቈጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ወደ ዳዊት የሚያልፈው የኔታ ራሳቸው በጆሯቸው ሰምተው ሲፈቅዱለት ነው። ስንት ልጅ እንደ ተመዘገበ፣ ስንት ወር እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ልጁ ማንበብ መቻሉ ነው። ከዚያም በኋላ ሁለተኛ ፈተና ይጠብቀዋል። በመንደሩ ደብዳቤ የመጣለት ሰው፣ ውል የሚዋዋል ጎረቤት፣ ልጁን ጠርቶ «አንብብልኝ» ይለዋል። እንግዲህ የዕውቀቱ ማረጋገጫ በኑሮ ላይ የሚታየው አገልግሎቱ ነበር ማለት ነው።

መንግሥት የጐልማሶችን ትምህርት በራሱ ኃላፊነት በያዘ ጊዜ ግን ተማሪው በሺህና በሚሊዮን የሚቈጠር ስለሆነ፣ አንዱ መምህር ሁሉን በጆሮው ሰምቶ ሊፈርድ አልቻለም። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዕድሜው ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆነ ያልተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በትርፍ ጊዜው መሠረታዊ ትምህርት እንዲማር ጥሪ አደረጉ። በዚያው ዘመን «የፊደል ሠራዊት» የተባለው የበጎ ፈቃድ ማኅበር ተቋቁሞ ማስተማር ጀመረ። ጥሪው የተቀደሰ ነበር፤ ነገር ግን ስንት ሰው እንደ ሰማው፣ ከሰማውም ስንቱ ተምሮ እንደ ዘለቀ በየጊዜው ተከታትሎ የሚመረምር ሥርዐት አብሮት አልተተከለም።

በኤውሮፓ አቈጣጠር በመስከረም 1965 የልዩ ልዩ አገሮች የትምህርት ሚኒስትሮች መሃይምነትን ስለ ማጥፋት ለመምከር በቴህራን ከተማ ጉባኤ አደረጉ። ከዚህ ጉባኤ ቀጥሎ ዩኔስኮ ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በመተባበር በ11 አገሮች የሙከራ ሥራ አቋቋመ። አገሮቹም አልጄሪያ፣ ኢኳዶር፣ ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ሕንድ፣ ኢራን፣ ማዳጋስካር፣ ማሊ፣ ሱዳን፣ ሶርያና ታንዛኒያ ነበሩ። የሙከራው አሳብ ፊደልን ከሥራ ጋር ማጣመር ነበር። በኢትዮጵያ ሥራው ቡና በሚመረትበት በጅማና በአጋሮ አካባቢ፣ በወላይታ ሶዶ፣ እንዲሁም የፋብሪካ ሠራተኛ በሚበዛበት በአዲስ አበባና በአቃቂ ተካሄደ። ገበሬው ፊደል ሲቈጥር ስለ እርሻው፣ ሠራተኛውም ስለ መኪናው እንዲማር ታሰበ።

ይህ ሥራ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የሚለየው ምርመራው ከትምህርቱ ጋር አብሮ እንዲሄድ አስቀድሞ በመታሰቡ ነበር። ፕሮግራሙ የሙከራ ስለሆነ፣ የሠመረውም ያልሠመረውም ተመዝግቦ ለዓለም ሁሉ ትምህርት እንዲሆን ተፈልጎ ነበር። ዩኔስኮና የልማት ፕሮግራሙ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ያሳተሙት የምርመራ መጽሐፍም የራሳቸውን ሥራ ጉድለት አልሸሸገም። ትምህርቱ በምርትና በገቢ ላይ ብቻ በማተኰሩ ጠባብ እንደ ሆነ፣ ሰው ከእርሻና ከመኪና ሌላ ቤተ ሰብ፣ ማኅበርና ባህል ያለው ፍጡር መሆኑ እንደ ተዘነጋ ተገለጠ። ቀደም ብሎ በ1975 በፐርሰፖሊስ የተሰበሰቡት ሊቃውንትም የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ለምርት ብቻ ሳይሆን ለሰው ነፃነትና ለሙሉ ዕድገቱ እንደ ሆነ አስታውቀው ነበር። ስለዚህ የዚህ ሙከራ ታላቁ ፍሬ ራሱን ለመመርመር አለመፍራቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. «የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ተጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለው ቃል ከከተማ እስከ ገጠር ተሰማ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወታደሩና የቤት እመቤቷ ያለ ደመወዝ አስተማሩ፤ እንደ መንግሥቱ መግለጫ የተሳተፉት ሰዎች ብዛት 1.5 ሚሊዮን ደረሰ። ትምህርቱ መጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች ተሰጥቶ ኋላ ወደ 15 ቋንቋዎች ሰፋ። ለጀማሪዎች ከ22 ሚሊዮን በላይ፣ ለቀጣይ አንባቢዎች ከ9 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ታደሉ። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት ለኢትዮጵያ ሰጠ። ዘመቻው በጦርነትና በ1977ቱ ረኀብ መካከል እንኳ አልተቋረጠም። በ12ኛው ዙር መጨረሻ 17 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተመዝግበው ከነዚህ ውስጥ 12 ሚሊዮኑ ፈተናውን እንዳለፉ ተነገረ፤ ከተመዘገቡትም ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ።

ይህን ሥራ ማቃለል ነውር ነው። በኩራዝ ብርሃን የተማሩት እናቶችና አባቶች፣ ያስተማሯቸውም ወጣቶች በአገሪቱ ታሪክ ክብር ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ መዝገቡና ሕዝቡ ጎን ለጎን በተመረመሩ ጊዜ ቍጥሩ አልተገናኘም። መንግሥት ከ1966ቱ ለውጥ በፊት ከመቶ 10 የማይሞላው የተማረ ሕዝብ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ከመቶ 63 ደረሰ ሲል፣ ሌሎች ግን ከመቶ 37 አካባቢ ነው ብለው ገመቱ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቈጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሆኖ የተገኘው ከ4 ሰዎች 1 ያህል ብቻ ነበር።

ልዩነቱ ከወዴት መጣ? ምክንያቱን በሐሰት ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ነገሩ ከዚያ ይልቅ ጠለቅ ይላል። በመጀመሪያ፣ የተቈጠረው ነገርና የተፈለገው ነገር የተለያዩ ነበሩ። የተፈለገው የሚያነብ ሰው ነው፤ የተቈጠረው ግን የተመዘገበ ሰውና የተሰጠ የምስክር ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ የሚያስተምረውና የሚፈትነው ብዙ ጊዜ አንድ ወገን ነበር። የጣቢያው ውጤት ከፍ ማለት ለአስተማሪውም ለአስተባባሪውም ምስጋና፣ ዝቅ ማለቱ ወቀሳ በሚያመጣበት ጊዜ፣ ቅን ሰው እንኳ ሳይታወቀው እጁን ወደ ላይኛው ቍጥር ያዘነብላል። ሦስተኛ፣ ፈተናው የሚሰጠው ትምህርቱ ትኩስ ሳለ ነው። ከወራት በኋላ ለማንበቢያ ጋዜጣ፣ ለመጻፊያ ምክንያት ያላገኘ ጐልማሳ ፊደሉን ቀስ በቀስ ይዘነጋል፤ ያን ጊዜ ግን የሚጠይቀው መርማሪ አይመጣም።

የስሕተቱ ዋጋም በመዝገቡ ላይ ብቻ አልቀረም። የምስክር ወረቀቱን በሣጥን አስቀምጦ መልሶ በአውራ ጣቱ የሚፈርም ገበሬ በመንግሥት መዝገብ የተማረ ሆኖ ይቈጠራል። የተማረ ተብሎ ስለ ተቈጠረ ሁለተኛ አስተማሪ አይላክለትም፤ ሁለተኛ መጽሐፍ አይታተምለትም። ስለዚህ ያበጠ ቍጥር የሚጎዳው ሹሙን ሳይሆን ትምህርት የሚያስፈልገውን ሰው ራሱን ነው። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ሀብት ነው።

የመጠየቂያው መንገድም ውጤቱን ይለውጠዋል። አንድን ሰው «ማንበብ ትችላለህን?» ብሎ መጠየቅና «ይህን አንብብልኝ» ብሎ ወረቀት መስጠት አንድ አይደሉም። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መርማሪዎቹ በካርድ ላይ የተጻፈ አጭር ዐረፍተ ነገር ይዘው እየዞሩ ተጠያቂዎቹን ማስነበባቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ አዲስ ጥበብ ቢመስልም በመሠረቱ የየኔታ ምዘና ነው።

ከጥያቄው ጋር የቋንቋው ነገር አለ። ከ11ዱ አገሮች አንዷ በነበረችው በሱዳን፣ ከጁባ ከተማ ብዙ በማትርቀው በረጃፍ፣ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1928 በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ ለደቡቡ ትምህርት ቤቶች ባሪ፣ ዲንቃ፣ ኑዌር፣ ላቱካ፣ ሺሉክና ዛንዴ ተመርጠው ነበር። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃ መንግሥት ስትሆን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ጐልማሳ ከመቶ 27 ያህል እንደ ሆነ ይነገር ነበር። ነገር ግን የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል በቆመበት በጁባው ክፍል በካቶር ከብዙ ነገድ የመጡ ሰዎች የጁባን ዐረብኛና የየራሳቸውን ቋንቋ እየተናገሩ ይኖራሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ ይዞ የሚሄድ መርማሪ አንድ ውጤት ያገኛል፤ በባሪ የተጻፈ የያዘ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ በማን ቋንቋ እንደ ተመዘነ ያልተነገረበት ቍጥር ጎዶሎ ነው። የኢትዮጵያው ዘመቻ ወደ 15 ቋንቋዎች መስፋቱ ለትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ለምዘናውም ቅንነት የሚያስፈልግ እርምጃ ነበር።

ፊደል ማወቅ በካርድ ቢመዘን፣ የአሳብ መለወጥስ በምን ይመዘናል? ለዚህ የከምባታ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ያቋቋሙት «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ ቶፔ» የተባለው ማኅበር የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ሲነሣ በትእዛዝና በስብከት አልጀመረም። ሽማግሌው፣ እናቲቱ፣ ወጣቱና የሃይማኖት አባቱ በአንድነት ተቀምጠው የሚወያዩበትን ሥርዐት ዘረጋ። በዩኒሴፍ ድጋፍ በ2008 በተደረገው ጥናት ቀድሞ ከሞላ ጐደል በሁሉ ቤት ይፈጸም የነበረው ልማድ ከመቶ 5 በታች መውረዱ ተገለጠ። ዶክተር ቦጋለች በ2013 የቤልጅግን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2019ም አረፉ።

እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ስለ ከለከለ፣ የተጠየቀ ሰው እውነቱን ከመናገር ቅጣቱን ፈርቶ «ትተናል» ሊል ይችላል። ነገር ግን የከምባታው ሥራ በቃል መልስ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት ስትዳር፣ ሙሽራውም ይህን አውቆ ሲቀበላት፣ የተለወጠው አሳብ በድርጊት ታየ። ልማዱ ይቆይ የነበረው «ያልተገረዘች አታገባም» በሚል ፍርሃት ስለ ነበረ፣ ሠርጉ ራሱ ምዘና ሆነ። እንዲህ ያለውን ምልክት የመረጠው ሕዝቡን የሚያውቅ ሰው እንጂ ከሩቅ የመጣ መርማሪ ብቻውን አይደለም።

ከነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። ማንኛውም የማንቃትና የማስተማር ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሕዝቡ ሁኔታ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ መነሻው ያልታወቀ መንገድ ርዝመቱ አይለካምና። የሚፈትነው ከሚያስተምረው ሌላ ሰው ቢሆን ለአስተማሪውም ክብር ነው። ፈተናው በትምህርቱ ማብቂያ ብቻ ሳይቀር ከአንድ ዓመት በኋላ በተማሪው ደጅ ሊደገም ይገባል። ያልሠመረውም ነገር ከሠመረው እኩል በመዝገብ ይግባ፤ ሹማምንትም ዝቅተኛ ቍጥር በእውነት ያቀረበውን መምህር ከመውቀስ ይልቅ ያመስግኑት። አለበለዚያ እውነተኛ ቍጥር የሚያቀርብ አይገኝም።

በየዘመቻው ያስተማረውም የመዘገበውም መምህሩ ነበር። ለወደፊቱም ብዕሩ ከእርሱ እጅ አይወጣም። የኔታ ልጁን ሰምተው «ገና ነህ፤ ድገም» ሲሉት ልጁን ማዋረዳቸው አልነበረም፤ ሳያውቅ አውቋል ተብሎ እንዳይለቀቅ መጠበቃቸው ነበር። ከመዝገቡ ፊት የተቀመጠ መምህርም አላለፈም ብሎ የሚጽፈው ስም ተመልሶ ሊማር የሚገባው ሰው ስም ነው። ያን ስም በእውነት የጻፈ፣ ለዚያ ሰው የትምህርት ቤቱን በር ክፍት አድርጎ አቆየለት።