የጌም ኮንሶል ፓወር ሰፕላይ ብልሽትና ጥገና

ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት የሚገባውን ኤሌክትሪክ ኮንሶሉ ወደሚሠራበት ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚለውጥ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ሶኬቱ የሚሰጠው 220 ቮልት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የፕሌይስቴሽን 4 ሞዴሎች ግን ለሥራ 12 ቮልት፣ ለተጠባባቂነት ደግሞ 4.8 ቮልት ይፈልጋሉ። 220ው በዳዮዶች አልፎ 310 ቮልት ገደማ ይሆንና በትልቁ ካፓሲተር ይጠራቀማል፤ ከዚያ ትራንዚስተር እየቆራረጠ ወደ ትራንስፎርመሩ ይልከዋል።

በላሊበላና በላስታ ደጋ ይህን ክፍል ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የመብራት መሄድና መምጣት ነው። በመግቢያው ላይ ያለው ቴርሚስተር ቀዝቃዛ ሳለ ድንገተኛውን ግፊት ያግዳል፤ ሲግል ግን ያሳልፋል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ቴርሚስተሩ ገና ስላልበረደ ግፊቱ ሁሉ በዳዮዶቹና በፊውዙ ላይ ያርፋል። መብራት እንደሄደ ኮንሶሉን መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ብዙ ጥገና ያስቀራል። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። የበጋ አቧራ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የቀድሞው ትልቁ ፕሌይስቴሽን 2 ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ ያለ ውጫዊ ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

ምርመራው ከሶኬቱ፣ ከዲቫይደሩና ከገመዱ ይጀምራል። ኮንሶሉ ከመከፈቱ በፊት ይነቀላል። ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ለሞት የሚያበቃ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል፣ በሬዚስተር አራግፎ ባዶ መሆኑን በቴስተር ሳያረጋግጡ ቦርዱን መንካት አይገባም።

ቀጥሎ ፊውዙ ይታያል። መስታወቱ ከጠቆረ ከኋላው ሾርት አለ ማለት ነው፤ ዳዮዶቹንና ትራንዚስተሩን ሳይለኩ አዲስ ፊውዝ ማስገባት ፊውዙን ማባከን ነው። በፊውዙ ፈንታ የሽቦ ቁራጭ መበየድ ግን ቤት ያቃጥላል፤ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም። ፊውዙ ደህና ሆኖ ኮንሶሉ በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው በመውጫው በኩል ወዳሉት ካፓሲተሮች ይዞራል። ጫፋቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያስመለሱት በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ ከቀድሞው ባላነሰ ቮልትና 105 ዲግሪ በሚችሉ ይተካሉ፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ አዲሱም ይፈነዳል።

ከጥገናው በኋላ ፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ 220 ላይ አይሰካም። በመጀመሪያ ባለ ክር የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል በመግቢያው ገመድ ላይ በሲሪስ ይያያዛል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አልተነሳም። ትራንስፎርመሩ ወይም ተቆጣጣሪው አይሲ ከተቃጠለ ግን ጥገናው አያዋጣም፤ በላዩ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር የሚመሳሰል ሙሉ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ይሻላል።