ጭምብል፣ ጠንቋይ እና የፋንግ «ንጊል»

በጋቦን፣ በደቡብ ካሜሩንና በኢኳቶሪያል ጊኒ የሚኖሩት የፋንግ ሕዝቦች ቀድሞ «ንጊል» የሚባል ማኅበር ነበራቸው። ጀርመናዊው ጉንተር ቴስማን እ.ኤ.አ. በ1913 «ዲ ፓንግቬ» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ማኅበር ጽፏል። ንጊል የሚመጣው በሌሊት፣ በችቦ ብርሃን ነበር። ረጅሙ የእንጨት ፊት በነጭ አፈር የተቀባ ነው፤ ነጭ በፋንግ ዘንድ የሙታንና የመናፍስት ቀለም ነውና። ተግባሩ በስውር ኃይል ሰው ያጠፋውን ፈልጎ ማጋለጥና መቅጣት ነበር።

ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ጭምብሉ ጠንቋዮችን ያድናል» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። «ያድናል» ከማደንም ከማዳንም ሊነበብ መቻሉን እንኳ ብንተወው፣ ዋናው ስሕተት «ጠንቋይ» ላይ ነው። በአማርኛ ጠንቋይ ማለት ዕቃ የጠፋበት ወይም ሰው የታመመበት ሄዶ የሚጠይቀው፣ በደለኛውን የሚጠቁም ነው። በሥራው ከታየ ለዚህ ስም የሚቀርበው ራሱ ንጊል ነው። አዳኙ በታዳኙ ስም ተጠራ ማለት ነው።

የሚታደነው ሰው በፋንግ እምነት በሆዱ ውስጥ «ኤቩ» የተባለ ነገር ያደረበት ነው። ኤቩ የሰው ሕይወት ይበላል ይባላል፤ መኖሩን ለማረጋገጥም የሞተ ሰው ሆድ ተከፍቶ ይመረመር ነበር። እዚህ ላይ «ቡዳ» የሚለው ቃል ይታሰበናል፤ እርሱም ይበላል እንላለንና። ይሁን እንጂ ቡዳ በአገራችን በሸክላ ሠሪውና በቀጥቃጩ ላይ የተለጠፈ፣ ብዙ ንጹሐን የተገፉበት ስም ነው። ኤቩ የአንድ ሙያ ወገን መለያ አይደለም፤ የመሪ ኃይልና የባለሙያ ችሎታም ከእርሱ ይመነጫል ተብሎ ይታመናል። «ቡዳ» ብንል ፋንጎች ያላሰቡትን ንቀት በላያቸው እንጭናለን።

«ጭምብል»ም ቢሆን መደበቅን ያስታውሳል፤ በንጊል ፊት ለቆመው መንደርተኛ ግን የሚታየው መንፈሱ ራሱ ነበር። የቅኝ ገዢው የፈረንሳይ አስተዳደር በ1910ዎቹ ማኅበሩን ካፈረሰው በኋላ የቀረው እንጨቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሞንፔልዬ ከተማ አንዱ በ4.2 ሚሊዮን ዩሮ በጨረታ ተሸጧል። ለዚህ፣ ማለትም በሙዚየም ለተቀመጠውና በጨረታ ለሚሸጠው ዕቃ፣ «ጭምብል» ይበቃል። ለማኅበሩና ለመንፈሱ «ንጊል»፣ ለሆድ ውስጡ ኃይል «ኤቩ» እንዳሉ ተወስደው በመዝገበ ቃላቱ ፍቺያቸው እንዲሰጥ አሳስባለሁ።