ከዕረፍት ወደ ሸክም፦ የአጥንት መሳሳትና የአካል እንቅስቃሴ ታሪክ

አጥንት እንደ ግዑዝ ምሰሶ የተቆጠረበት ዘመን ረጅም ነበር። ይህን አስተሳሰብ ካናወጡት መካከል የዙሪኩ የአናቶሚ ሊቅ ሄርማን ፎን ማየር ይገኙበታል። ማየር በ1860ዎቹ የጭን አጥንትን የላይኛውን ጫፍ ሰንጥቀው የውስጡን ስፖንጅ መሰል መረብ በሥዕል ባሳዩ ጊዜ፣ መሐንዲሱ ካርል ኩልማን መስመሮቹ በክሬን ውስጥ የጭነት ኃይል የሚተላለፍባቸውን መስመሮች እንደሚመስሉ አስተዋሉ። የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍም እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተሙት መጽሐፍ አጥንት በሚሸከመው ኃይል መሠረት ውስጣዊ አሠራሩን እንደሚለውጥ ደነገጉ። የሕጉ ሒሳባዊ ዝርዝር ኋላ ቢተችም ፍሬ ነገሩ ጸንቷል።

የሚያስገርመው ይህ ዕውቀት ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ነው። ለስብራትም ለጀርባ ሕመምም ረጅም የአልጋ ዕረፍት መታዘዙ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ዲትሪክ፣ ዌዶንና ሾር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አራት ጤናማ ወጣት ወንዶች ከወገብ በታች በጀሶ ተይዘው ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንታት ተኙ። በሽንታቸው የሚወጣው ካልሲየም ወደ እጥፍና ከዚያም በላይ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1973ና በ1974 በስካይላብ የቆዩት ጠፈርተኞችም፣ ክብደት በሌለበት ሥፍራ፣ ካልሲየም ሲያጡ ታዩ።

ከዚህ ወዲያ «ተንቀሳቀሱ» የሚለው ምክር ተስፋፋ፤ የትኛው እንቅስቃሴ ለማን እንደሚስማማ ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ፖል ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1937 ለወገብ ሕመም ያቀረቧቸው ወደ ፊት የመጎንበስና ሆድን የማጠንከር ልምምዶች በሰፊው ይታዘዙ ነበር። ወገቡን ለታመመ ጎልማሳ የታሰበው ልምምድ፣ አከርካሪዋ ለሳሳ እናትም ሲሰጥ ማን ይከለክል ነበር?

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ሐኪም መህርሺድ ሲናኪና ባልደረባቸው ሚከልሰን ናቸው። ጥናታቸው የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ በአከርካሪ አጥንት መሳሳትና በጀርባ ሕመም የተያዙ 59 ሴቶችን ያካተተ ነበር። ጀርባን ወደ ኋላ የማቃናት ልምምድ ከሠሩት 25 ሴቶች መካከል አዲስ የአከርካሪ መጨፍለቅ ወይም ስብራት የታየባቸው 16 በመቶ ሲሆኑ፣ ወደ ፊት በመጎንበስ ከሠሩት ዘጠኙ መካከል 89 በመቶ ነበሩ። ሁለቱንም የሠሩት 53 በመቶ፣ ምንም ያልሠሩት 67 በመቶ ተጎዱ። ቡድኖቹ ትናንሽ ስለ ነበሩ አኃዙን እንደ መጨረሻ ቃል መውሰድ አይገባም። አሠራሩ ግን ግልጽ ነው፤ ሰው ሲጎነብስ ጫናው በአከርካሪ አካል ፊት ለፊት ላይ ይከማቻል፣ የሳሳውም አጥንት በዚያው በኩል ይደፈጠጣል። እንግዲህ የማይስማማ ልምምድ ከመቀመጥ የከፋ ሊሆን እንደሚችል ታየ።

ጥናቱ ያስነሣው ጥንቃቄ በበኩሉ ሌላ ስሕተት አስከተለ። አጥንታቸው ለሳሳ ሴቶች ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ብቻ ይበቃል የሚለው ልማድ ተስፋፋ፤ ሆኖም ጉዞ ብቻውን በአጥንት ጥግግት ላይ ያለው ውጤት አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የአጥንታቸው ጥግግት ዝቅ ያለባቸው 101 ሴቶች የተሳተፉበትን ሙከራ ውጤት አወጡ። አንደኛው ቡድን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ30 ደቂቃ፣ በአሠልጣኝ ዐይን ሥር ከባድ ክብደት አነሣ፣ ዘለለም፤ ሌላው በቤቱ ቀላል ልምምድ ሠራ። ከስምንት ወር በኋላ በመጀመሪያው ቡድን የወገብ አከርካሪ ጥግግት 2.9 በመቶ ሲጨምር በሌላው 1.2 በመቶ ቀነሰ። ሥልጠናው ያስከተለው ጉዳት ሆኖ የተመዘገበው አንድ ቀላል የታችኛው ጀርባ ጡንቻ መኮማተር ብቻ ነበር።