አስተርጓሚ (በኮምፒውተር አነጋገር)

አስተርጓሚ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በፍርድ ቤት ወይም በሆስፒታል በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ ንግግር የሚያቀባብለውን ሰው ነው። በኮምፒውተር ሙያ ግን ፕሮግራም ነው፤ ለሌላ ማሽን የተጻፈ ትእዛዝ እያነበበ፣ ያለበት ኮምፒውተር በሚችለው መንገድ ወዲያው የሚያስፈጽም።

ዞርክን እንውሰድ። በ1980 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ ጨዋታ ሥዕል የለውም። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን ሂድ፣ ፋኖሱን አብራ እያለ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ጨዋታው በጽሑፍ ይመልሳል። በዘመኑ አፕል 2፣ ኮሞዶር 64 እና አይቢኤም ፒሲ አንዱ የሌላውን ፕሮግራም አይቀበልም ነበር። የአሜሪካው ኢንፎኮም ታዲያ ጨዋታውን ዚ-ማሽን ለተባለ፣ በሐሳብ ብቻ ለሚኖር ኮምፒውተር አንዴ ጻፈው፤ ለየማሽኑ ያዘጋጀው አስተርጓሚውን ብቻ ነበር። በእኔ ግምት በዚያ ዘመን ሶፍትዌር ውስጥ ከዚህ የበለጠ አርቆ አሳቢ ውሳኔ ማግኘት ይከብዳል።

ኢንፎኮም በ1989 ተዘጋ፤ እነዚያ ማሽኖችም ከገበያ ከወጡ ቆዩ። የያኔው የጨዋታ ፋይል ግን ምንም ሳይነካ፣ ፍሮትዝ በተባለ ነጻ አስተርጓሚ ዛሬም በሊኑክስና በዊንዶውስ ይከፈታል።