የሆድ ልጅ እንቅስቃሴ ሲቀንስ፦ ነፍሰ ጡር እናት ማወቅ ያለባት

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ሞቶ ተወለደ የሚባለው ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የሕይወት ምልክት ሳይታይበት የተወለደ ሕፃን ነው። በዓለም በየዓመቱ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ሞተው ይወለዳሉ። ከ10ሩ 4 ያህሉ የሚሞቱት ምጥ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ብዙዎቹን በወቅቱ ደርሶ ማዳን ይቻላል።

በሰሜን ሸዋ ትልቁ ፈተና መንገዱ ነው። ከአልዩ አምባ ቆላ ተነስታ የአንኮበርን ዳገት የምትወጣ፣ ከዚያም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የምትደርስ እናት ምልክቱን ቀድማ ማወቅ አለባት።

የልጁ እንቅስቃሴ

እናት የልጇን እንቅስቃሴ ከ16ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መስማት ትጀምራለች። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ልማድ ይኖረዋል። "መውለጃው ሲቃረብ ልጅ ዝም ይላል" የሚባለው ስህተት ነው። እንቅስቃሴው ከተለመደው ከቀነሰ በጎን ተኝቶ ማዳመጥ ይቻላል። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ጭራሽ ካቆመ ሳይነጋ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጠሮ ላይ ምን ይታያል?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ 8 ጊዜ ክትትል ይመክራል፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። አዋላጇ የልጁን የልብ ምት በፊቶስኮፕ ታዳምጣለች፤ ጤነኛው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። የሆዱን ዕድገት ትለካለች፤ የደም ግፊት፣ የደም ማነስና የቂጥኝ ምርመራም ይደረጋል። በቆላው ወባም መታየት አለበት። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

ፈጥነው የሚያስሄዱ ምልክቶች

ደም መፍሰስ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ቤቷ ሩቅ የሆነች እናት ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ መቆየት ትችላለች። ባልና አማት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንና የአምቡላንሱን ስልክ አስቀድመው ይያዙ። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት ይመረጣል። ጫት መቃም የልጁን ክብደት ከመቀነስ ጋር ስለሚያያዝ ይቅር።

በረመዳን ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ሸሪዓው ፈቅዶላታል። ስለ ቀዳውና ፊድያው ዑለማዎችን ትጠይቅ፤ ስለ ጤናዋ ደግሞ ሐኪሟን። ሰበቡን ማድረስ ከእኛ ነው፤ ጠባቂው አላህ ነው።